አንድ ጭብጥ ሰርዶ

ኢንጂነር ያደታ ኩሬው ዳር በጀርባው ተጋድሟል። እሑድ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ነጭ የነበረው ሸሚዙ ከአንገትጌው እስከ እጅጌው አረንጓዴ ሆኗል። ካፊያ ስለሚጥል ግቢው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ የቢሮው በረንዳ ላይ ተጠልለው ከሩቅ ያያሉ። የሞተ ሰው ዝናብ አይሰማውም፤ ቢሆንም አንዱ ወጣ ብሎ የሚሸፍነው ነገር ጣል ቢያደርግበት ምን ነበረበት? ኢንስፔክተር ጠጅቱ ከመኪናዋ ስትወርድ መጀመሪያ የተናደደችው በዚህ ነው። የዝናብ ካፖርቷን አውልቃ ደረቱ ላይ ጣል አደረገችለትና ከአጠገቡ ተንበረከከች።

ጠጅቱ ጉልበቷን የሚያማት፣ ኪሷ ከገብስ ቆሎ ተለይቶ የማያውቅ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። አነጋገሯን ሰምተው ነገር ቶሎ አይገባትም የሚሉ አሉ፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ ዛሬ ማረሚያ ቤት ቁጭ ብለው ሐሳባቸውን ለውጠዋል።

የሟቹ ሰውነት ላይ የድብደባ ምልክት የለም። ቀኝ እጁ ግን ጥርቅም ብሎ ተጨብጧል። ጠጅቱ ጀርባዋን ለበረንዳው ሰጥታ ጣቶቹን እንደ ምንም ብላ አላቀቀች። መዳፉ ውስጥ አንድ ጭብጥ ሰርዶ አገኘች። ሣሩ ከነሥሩ አልተመነጨቀም፤ በጥንቃቄ ተቀጥፎ ጫፉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተስተካክሏል። ቀና ብላ የኩሬውን ዳርቻ አየች። ከውሃው ጀምሮ እስከ አፋፉ ጥቁር ላስቲክ ነው፤ ከላስቲኩ ቀጥሎ ሲሚንቶ። አንዲት ሣር አልበቀለችበትም። ሰርዶውን በመሐረቧ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

ግቢው ከሰበታ ወጣ ብሎ ያለ ነው። ከላይ ያለው ቆዳ ፋብሪካ የሚለቀው ፍሳሽ በቱቦ ይመጣና ግራና ቀኝ በተቆፈሩ ሁለት ጥልቅ ኩሬዎች ይጠራቀማል። ኩሬዎቹ ውስጥ አልጌ ይራባል፤ ረግቶ በከረመ ውሃ ላይ የምናየው አረንጓዴ ነገር ነው፤ ለየብቻዋ ብትታይ ከዓይን የምታመልጥ ደቃቅ ሕይወት። አልጌው ቆሻሻውን እየተመገበ ያድጋል፤ የጠራው ውሃ ወደ ተፍኪ በሚወርደው ጅረት ይቀላቀላል፤ አልጌው ደግሞ ተጣርቶ፣ ደርቆና ተጨምቆ ዘይቱ ለጄኔሬተር ነዳጅ ይሆናል። ሐሳቡ የያደታ ነበር። በዚያው ሳምንት እንግዶች መጥተው ሥራውን ሊያዩ፣ ከወደዱትም ቡራዩና ሱሉልታ ላይ ተመሳሳይ ኩሬዎች ሊያስቆፍሩ ቀጠሮ ተይዟል። ያደታም ለዚሁ ሲል ሱሉልታ ከርሞ የተመለሰው ገና ቅዳሜ ማታ ነው።

ሬሳውን ከግራው ኩሬ ያወጣው ዘበኛው ጋሽ ዋቆ ነው። ጠጅቱ ስትጠጋው እጆቹን በአመድ እያሸ ነበር።

«ሰው ቢወድቅ ይዞ የሚወጣበት ገመድ በየኩሬው አለ» አላት። «ላስቲኩ ያሙለጨልጫል፤ ያለ ገመድ ድመትም አትወጣም። ጫፉ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ይሁን ብሎ ያዘዘን ራሱ ያደታ ነው። ዛሬ ስደርስ ግን ተጠቅልሎ ዳር ከቆመው ብረት ላይ ተሰቅሏል። በደረቴ ተኝቼ በእጄ ነው የጎተትኩት።» መዳፎቹን ዘረጋላት፤ አረንጓዴ ናቸው። «ስንት ዓመት አልጌ ስነካ ኖሬ በውሃ ይለቅ ነበር። ይኸኛው በሳሙናም በአመድም እምቢ አለ። ልጁ ያለ ቀኑ ስለሄደ ይሆን?»

ጠጅቱ ከቆሎዋ ዘግና ሰጠችውና ሁለቱን ኩሬዎች ዞራ አየች። የቀኙ ኩሬ ገመድ እንደ ወትሮው ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ከመመለሷ በፊት ከሁለቱም ኩሬዎች በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ቀዳች።

የገዳዩ ስም እሷ ከመድረሷ በፊት በሰው ሁሉ አፍ ገብቷል። ኦቦ ኩምሳ ተፍኪ አጠገብ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። ያደታ ከሱሉልታ በስልክ፣ ከኩሬው የሚወርደው ውሃ ንጹሕ ነው ብሎ በእናቱ ስም ማለላቸው፤ አምነው ላሞቻቸውን አጠጡ፤ ላሞቹም አለቁ። እሑድ ረፋድ ላይ ግቢው ድረስ መጥተው በሰው ፊት «ይህን ውሃ አንተው ትጠጣታለህ!» አሉት። ሲወጡ ያያቸው የለም። ከሰዓት በኋላ ያደታ ውሃውን ጠጥቶ ተገኘ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያሻል? ፖሊሶች ሽማግሌውን ከመንገድ ይዘው አስገብተዋቸዋል። የጠጅቱ አለቃ በማግስቱ ፍርድ ቤት ሊያቀርባቸው ወረቀቱን አዘጋጅቷል። እሷ በብዙ ልመና ያገኘችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያ ቀን ካለፈ ሽማግሌው በሰው ነፍስ ይከሰሳሉ።

ከኦቦ ኩምሳ በኋላ ግቢው ውስጥ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁን ስምዖንን ቢሮው ገብታ አነጋገረችው። አዲስ አበባ ተወልዶ አስፋልት ላይ ያደገ፣ ጫማው በጭቃ ቀን እንኳ የሚያበራ ሰው ነው። እጇን ስትዘረጋለት እሱ የእጁን አንጓ ሰጣት።

«ይቅርታ፣ እጄ ንጹሕ አይደለም» አለ።

እጅ ሲቆሽሽ ወይም ማዕድ ላይ ሲሆኑ አንጓ መስጠት ያገር ወግ ነውና ጠጅቱ አንጓውን ጨብጣ ተቀመጠች። ጠረጴዛው ላይ ግን ምግብ የለም፤ ክፍሉ የሚሸተው በረኪና ነው። ስምዖን ሳይጠየቅ ብዙ ተናገረ። ከጠቡ በኋላ ከቢሮው ንቅንቅ አላለም፤ ጄኔሬተሩ እየሠራ ስለነበር ጩኸት አልሰማም፤ ዋቆ ሲጮኽም ከበረንዳው አላለፈም፤ ሬሳ ማየት አይችልም። ስለ እንግዶቹ ሲናገር ግን ድምፁ ተሰበረ።

«ኩሬዎቹ እንደ ዘንድሮ አምረው አያውቁም» አላት። «አንድ የተናደደ ገበሬ ይህን ሁሉ ልፋት ገደል ከተተው።»

የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ ሄመን እንባዋን ሳትጠርግ ቆማለች። የጎማ ጓንቷን አውልቃ ባዶ እጇን ሰጠቻት፤ እጇ ንጹሕ ነው። የታመሙ እናቷን ስታስታምም ቡራዩ ከርማ የመጣችው በዚያው ዕለት መሆኑን ነገረቻት። ጠጅቱ በዘዴ ጠየቀቻት፤ የሱሉልታው ኃላፊነት ለማን ታስቦ ነበር?

«ለእሱ። እኔም ፈልጌው ነበር፤ ቀንቼበታለሁ» አለች ሄመን። «አሁን ምን ዋጋ አለው?»

መስኮቱ ላይ አረንጓዴ ውሃ የሞላ አንድ ጠርሙስ ተቀምጧል። በጠርሙሱ ጎን ላይ ደቃቅ አረፋ ተለጥፏል። ሄመን የያደታ ልማድ መሆኑን አስረዳቻት፤ አልጌ ሕያው ከሆነ ፀሐይ ሲመታው ይተነፍሳል፤ የሞተ እንደሆነ ዝም ይላል። ያደታ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ይልቅ በዚህ ያምን ነበር። ይህኛው የቀኙ ኩሬ ውሃ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳለ የግራውም አጠገቡ ነበር፤ አሁን የለም። ማን እንዳነሣው አታውቅም።

የመጨረሻው ሀሰኖ ነው፤ ሰበታ ገበያ ውስጥ ከአባቱ የወረሰው የቀለምና የነዳጅ ሱቅ ያለው ነጋዴ። እሱና ዋቆ ጄኔሬተሩ ቤት በርሜል ሲያወርዱ አብረው ነበሩ፤ አንዱ ለአንዱ ይመሰክራል። ያም ሆኖ ሰውየው ያልበዋል። ጠጅቱ በርሜሉ ምን እንደያዘ ጠየቀችው። ሀሰኖ ወደ መሬት እያየ፣ ናፍጣ ነው አለ። ስምዖን ከአልጌ የተጨመቀ ነዳጅ ነው ተብሎ በእንግዶቹ ፊት እንዲነድ አስመጥቶታል።

«ለምን የራሳችሁን አትጠቀሙም አልኩት» አለ ሀሰኖ። «አንተ ሽጥ፣ ሌላው አይመለከትህም አለኝ። እኔም ሸጥኩ። ወላሂ ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም።»

ጠጅቱ ማታ እጇን ስትታጠብ ውሃ ስትቀዳ የነከረችው ጣቷ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። በኦሞ አሸችው፤ ያው ነው። በየትኛው ጠርሙስ እንደቆሸሸ ለማወቅ ሌላ ጣቷን ከቀኙ ኩሬ ውሃ ነከረች፤ ያ ወዲያው ለቀቀ። ከዚያ ጠርሙሶቹን መስኮት ላይ ደርድራ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት ወደ ጣቢያው ማቆያ ገባች። ኦቦ ኩምሳ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የጋቢያቸው ጫፍ ጭቃ ነክቶታል፤ ያን ጭቃ ሲያራግፉ ያደሩ ይመስላሉ።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ኩምሳ?» ብላ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደሩ ጠየቀቻቸው።

«ነጋ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ ሽማግሌው፤ ደህና ነኝ ልጄ ማለታቸው ነው። ደህና ግን አልነበሩም።

በበሩ ያልወጡት ጅረቱን እንደገና ለማየት ብለው በተቀደደው አጥር በኩል ስለሄዱ መሆኑን ነገሯት። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል። ያደታንም ስለዚሁ ሲጠይቁት አልጌ ነው አይጎዳም ብሏቸው ነበር። በተናገሩት ቃል ተጸጽተዋል፤ የከብት ሐዘን አፍን እንደሚያስት እሷም ገበሬ ያሳደጋት ልጅ ናትና ታውቀዋለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች ጠጅቱ። «አንቱን የበደለ ሰው ሰርዶ ይዞ ደጅዎ ቢመጣ ምን ያደርጋሉ?»

«ጮቆርሳ ማለትሽ ነው?» ሽማግሌው ግራ ተጋቡ። «እርጥብ ሣር የያዘ ሰው በድያለሁ፣ ታረቁኝ ማለቱ ነው። ደሜን ያፈሰሰ ቢሆንም ከደጅ አልመልሰውም። ይህንን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«ከአንቱ አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

ከዚያ ወጥታ ሀሰኖ ሱቅ ጎራ አለች፤ ብዙም አልቆየችም። ወደ ጣቢያ ስትመለስ ፀሐይዋ መስኮቱን ሞልታዋለች። የቀኙ ኩሬ ጠርሙስ በአረፋ ተሸፍኗል። የግራው እንዳደረ ነው፤ ቀለሙ ያምራል፣ አንዲት ትንፋሽ ግን የለችውም። ጠጅቱ ቆሎዋን እያደቀቀች ለረጅም ጊዜ አየችው። ሟቹም እሑድ ዕለት የግራውን ኩሬ ጠርሙስ እንዲህ ቆሞ ሳያየው አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ግራው ኩሬ ዳር ሰበሰበቻቸው። ኦቦ ኩምሳንም ካቴና ሳታደርግባቸው አመጣቻቸው። ከዚያም እንደ ቤት እንግዳ ዞራ እያንዳንዱን በእጅ ጨበጠች። ሄመን እጇን ሰጠቻት፤ ሀሰኖም ሰጣት። ዋቆ መዳፉን አፍሮ ሲደብቅ ጎትታ ጨበጠችው። ስምዖን አንጓውን ዘረጋ።

«ዛሬም ንጹሕ አይደለም፣ አቶ ስምዖን?» አለችውና መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ኩሬው ዞረች።

መሐረቧን ፈታ ሰርዶውን አሳየቻቸው። «ይህ በያደታ ጭብጥ ውስጥ ነበር። ሲሰምጥ የጨበጠው እንዳልል እዚህ ዳር ሣር የለም። ተቀጥፎ፣ ተስተካክሎ የተያዘ ሰርዶ ነው። እዚህ አገር ያደገ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ የሚሄደው ወደ በደለው ሰው ነው። ያደታ እሑድ ዕለት የበደለው ማንን ነበር?»

ኦቦ ኩምሳ ምርኩዛቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ወደ ኦቦ ኩምሳ እየሄደ ነበር። ጠዋት በደል የለብኝም ብሎ የተከራከረ ሰው ከሰዓት በኋላ ሣር ከቀጠፈ በመሐል አንድ ነገር አውቋል ማለት ነው።» ሁለቱን ጠርሙሶች ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠች። «ያወቀው ይህንን ነው። ሄመን፣ የትኛው ነው ሕያው?»

ሄመን ጎንበስ ብላ አየች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። «የቀኙ። የግራው ሞቷል። ግን አልጌ ሲሞት ይጠቁራል፣ ይሸታል። ይህ እንዴት አረንጓዴ ሊሆን ይችላል?»

«ስለተቀባ ነው። አቶ ሀሰኖ፣ ጠዋት የነገርከኝን ንገራቸው።»

ሀሰኖ ጉሮሮውን ጠረገ። «አረንጓዴ የጨርቅ ማቅለሚያ ለአቶ ስምዖን ሸጫለሁ። ለምንህ ነው ስለው ለአጥሩ አለኝ። የጨርቅ ቀለም ለአጥር አይሆንም ብለው ሳቀብኝ።»

ጠጅቱ ጣቷን አነሣች። ሕያው አልጌ በውሃ ይለቃል፤ ማቅለሚያ ግን ሸሚዝም ይሁን ቆዳ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ኩሬውን ምን እንደገደለው ሄመንን ጠየቀቻት። ሄመን ፍሳሹ በአንድ ጊዜ ሲበዛበት አልጌው እንደሚታፈን፣ የመግቢያው ቁልፍም ስምዖን ዘንድ ብቻ እንዳለ ተናገረች። ፋብሪካውን ለማስደሰት ሲባል ፍሳሹ ያለ መጠን ተለቀቀ፤ ኩሬው ሞተ፤ ሙቱ ኩሬ ለእንግዶች ተኳለ፤ ያልተጣራው መርዝም አረንጓዴ ለብሶ ወደ ላሞቹ ወረደ። ሱሉልታ የከረመው ያደታ በስልክ የተነገረውን አምኖ ነበር የማለው።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» አለ ሀሰኖ ለራሱ።

ጠጅቱ ገመዱን ከብረቱ አወረደችና ፈትታ ዘረጋችው። ግማሹ እንደ ቀድሞው ነጭ ነው፤ ውሃ ውስጥ የኖረው ግማሽ አረንጓዴ። «ይህን ገመድ አንድ ሰው ስቦ አውጥቶታል። የሳበው ሰው እጅ እንደ ጋሽ ዋቆ እጅ ሆኗል። ጋሽ ዋቆ ሬሳውን ሲያወጣ ሁላችሁም አይታችኋል፤ አልደበቀውም። የሌሎቻችሁን እጅ ጨብጬ አየሁ። አቶ ስምዖን ግን ከቢሮ አልወጣሁም፣ ወደ ኩሬው አልቀረብኩም ብለውኛል። እስቲ መዳፍዎን ያሳዩን።»

ስምዖን የደከመው ሰው እንደሚያደርገው እጆቹን ቀስ ብሎ ገለበጠ። በረኪናው ቆዳውን ልጦ አቅልቶታል፤ በመዳፉ መስመሮች ውስጥ ግን አረንጓዴው ተጋድሟል።

«አልገፋሁትም» አለ። «የግራውን ኩሬ ጠርሙስና ያን ሣር ይዞ ቢሮዬ መጣ። ተፍኪ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፣ ለእንግዶቹም እነግራለሁ አለኝ። እስከዚህ ድረስ እየለመንኩ ተከተልኩት። ትንሽ ጊዜ ብቻ ስጠኝ አልኩት። እጅጌውን ስይዘው ተመነጨቀና ተንሸራተተ።»

«ገመዱስ?»

«ሊይዘው ሲል…»

«ሳብከው» አለች ጠጅቱ። አንቱታውን እዚያው ላይ ተወችው።

«ሳብኩት። በሁለት እጁ ቢሆን ይቀድመኝ ነበር። አንዱን እጁን ጨብጦ አልከፍት አለ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።»

ጠጅቱ ብዙ ክፉ ነገር የሰማች ሴት ናት፤ ይህን ስትሰማ ግን ፊቷን አዞረች። ስምዖንን ፖሊሶቹ ወሰዱት። ሄመን ሳትታዘዝ ሄዳ ከግራው ኩሬ ወደ ጅረቱ የሚወርደውን መውጫ ዘጋች፤ በዘጋችው ብረት ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ኦቦ ኩምሳ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ጠጅቱ መሐረቡን እንደያዘች ቀረበቻቸው።

«ለማስረጃ ግማሹ ይበቃኛል» አለች። «ይህኛው የአንቱ ነው። ይዞልዎ ሲመጣ ነው የሞተው።»

ሽማግሌው ሣሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጠውልጓል። አገላብጠው አዩትና የደረቀ ሣር ለዕርቅ እንደማይሆን፣ ውሃ እንደሚያስፈልገው ተናገሩ። ጋሽ ዋቆ ባልዲ አንሥቶ ወደ ቧንቧው ሲሮጥ በእጃቸው ከለከሉት።

«ከዚህ ግቢ አይሁን» አሉ።

ጠጅቱ ከመኪናዋ ልትጠጣው የገዛችውን ውሃ አምጥታ ከፈተችላቸው። ኦቦ ኩምሳ ሰርዶውን ቀስ አድርገው አራሱት፤ ጫፉንም እንደገና ወደ አንድ ወገን አስተካከሉት። የያደታ እናት ቤት የት እንደሆነ ጠየቁ። ቡራዩ መሆኑን ነገረቻቸው፤ ድንኳን ተጥሏል፣ ለቀስተኛው ገዳይ ናቸው የሚለውን ወሬ ሰምቷል፣ ነገሩ እስኪጣራ ቢቆዩ ይሻላል አለቻቸው።

«ልጇ እኔ ዘንድ ሊደርስ አልቻለም» አሉ ሽማግሌው። «እኔ እደርስለታለሁ። ታርቀናል ብዬ ልንገራት።»

ጠጅቱ የመኪናውን በር ከፍታ ከፊት አስቀመጠቻቸው። ቡራዩ እስኪደርሱ ድረስ ኦቦ ኩምሳ ሣሩን በሁለት እጃቸው እንደያዙት ነበር፤ እሷም ቆሎዋን አልነካችም።